ይዞ ማኖር፦ ስለ ካርቦን በሚደረገው ዓለም አቀፍ ክርክር ውስጥ ያሉ ቃላትና የአማርኛ አቻዎቻቸው

1. መነሻ

አንድ ሙያዊ ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ትርጉሙን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የተወለደበትን ክርክርም አዝሎ ይመጣል። ተርጓሚው ይህን ካላስተዋለ ሳይታወቀው ከተከራካሪዎቹ ካንደኛው ወገን ቆሞ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በከርሠ ምድር ስለ ማኖር በዓለም አቀፍ ስብሰባዎችና በሕዝብ ክርክር የሚነገሩትን ዋና ዋና ቃላት መመርመር፣ በአማርኛ ሲተረጎሙ የሚደርስባቸውን መዛባት ማሳየት፣ በመጨረሻም ይሻላሉ የተባሉትን አቻዎች ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለቋንቋችን ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በ2025 በብራዚል በቤሌም ከተማ የተካሄደው 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ 32ኛው ጉባኤ በ2027 በአዲስ አበባ እንዲደረግ ወስኗል። አማርኛ ከድርጅቱ ስድስት ይፋ ቋንቋዎች አንዱ ስላልሆነ የጉባኤው ይፋ ሰነድ በአማርኛ አይወጣም። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ የሚባለውን ለአገሩ ሕዝብ የሚያደርሱት የሬዲዮ ዜና አቅራቢው፣ የጋዜጣው ጸሐፊና የመሥሪያ ቤቱ ተርጓሚ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በችኮላ የሚመርጡት ቃል ከዚያ በኋላ ሥር ይሰድዳል፤ ሥር የሰደደውን ቃል መንቀል ደግሞ አዲስ ከመትከል ይልቅ ያስቸግራል።

2. ሥራው ምንድን ነው?

ቃሉን ከመመዘን በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይት ወይም የተፈጥሮ ጋዝ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሲሚንቶ ሲሠራ ደግሞ ከሚነደው ነዳጅ ሌላ የኖራው ድንጋይ ራሱ በሙቀት ሲፈርስ ይህንኑ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካ ማገዶውን ቢለውጥም ልቀቱ ፈጽሞ አይቀርም። በተለመደው ዘዴ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የጋዝ ድብልቅ አሚን የተባለ ኬሚካል ባለበት ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፈሳሹ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መርጦ ይይዛል፤ ሲሞቅም መልሶ ይለቀዋል። የተለየው ጋዝ እንደ ፈሳሽ እስኪጠቀጠቅ ድረስ ይጨመቃል፤ በቧንቧ ወይም በመርከብ ይጓጓዛል፤ በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ከ800 ሜትር በማያንስ ጥልቀት፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለውና በላዩ ጋዝ በማያሳልፍ ድንጋይ በተከደነ አለት ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል።

በኖርዌይ የባሕር ክልል በሚገኘው በስላይፕነር ጣቢያ ይህ ሥራ የተጀመረው በ1996 ነው። በዚያ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ 9 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለነበረበት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት መለየት ነበረበት። አገሪቱም በ1991 የካርቦን ግብር ጥላ ስለነበር፣ የተለየውን ጋዝ ወደ አየር ከመልቀቅ ይልቅ ከባሕሩ ወለል በታች መመለሱ አዋጪ ሆነ። በዓመትም 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲገባ ቆይቷል። እንግዲህ ሥራው የሚሠራ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ስፋቱ ነው። በዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ አኃዝ መሠረት በ2023 በዓለም ሁሉ የነበረው የመያዝ አቅም በዓመት 45 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከኃይል አጠቃቀም የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ከ800 እጅ አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው። ቃላቱን ስንመዝን ይህ ልዩነት ከዓይናችን ሊጠፋ አይገባም።

3. «ቀረጻ»፣ «ማጥመድ» ወይስ «መያዝ»?

ከሁሉ አስቀድሞ መነቀፍ የሚገባው «የካርቦን ቀረጻ» የሚለው ትርጉም ነው። በኮምፒዩተር አማካይነት በተተረጎሙ ጽሑፎች ውስጥ ያጋጥማል። ድምፅ ይቀረጻል፤ ሥዕልም ይቀረጻል፤ ጋዝ ግን አይቀረጽም። ስሕተቱ የመጣው የእንግሊዝኛው ቃል ምስልንና ድምፅን ለመቅዳትም ስለሚያገለግል ነው። ይህ የአንድ ቃል ሁለት ፍች ሳይለይ የተወሰደበት ቀላል ስሕተት ስለሆነ ከዚህ በላይ አያነጋግርም።

«ማጥመድ» የሚለው ግን ሊመረመር የሚገባው ነው። ወጥመድ የያዘው አውሬ ሙሉ በሙሉ ተይዟል፤ ግማሹ ተይዞ ግማሹ የሚያመልጥ አውሬ የለም። ከጭስ ማውጫ የሚያዘው ጋዝ ግን ሁልጊዜ የተወሰነ እጅ ነው። የኃይል ማመንጫዎች ዕቅድ ብዙውን ጊዜ 90 በመቶ ለመያዝ ይነሣል፤ ቀሪው ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ «ማጥመድ» ያልተሠራውን ሥራ እንደ ተሠራ አድርጎ ያቀርባል። «መያዝ» ከዚህ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ተናጋሪ «ያዘ» ሲባል ወዲያው «ምን ያህሉን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሥራው መለየትን የሚጨምር ስለሆነም «ለይቶ መያዝ» ቢባል ይበልጥ ይሟላል።

4. አንድ ሥራ፣ ሦስት ስም

የሁለተኛው ቃል ታሪክ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ያስተምራል። በ1997 የወጣው የኪዮቶ ስምምነት በ2ኛው አንቀጹ አገሮች ካርቦን ዳይኦክሳይድን «ሴኩዌስትሬሽን» የማድረግ ቴክኖሎጂን እንዲያጠኑና እንዲያስፋፉ ይጠይቃል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። በሮማውያን ሕግ «ሴኩዌስተር» ማለት ሁለት ሰዎች የተሟገቱበትን ንብረት ፍርዱ እስኪሰጥ የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰው ነበር። እኛ ይህን ሰው አደራ ጠባቂ ብለን እንጠራዋለን። እንግዲህ በቃሉ ሥር ጠባቂ አለ፤ ጠባቂም ካለ ተጠያቂ አለ።

የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2005 ስለዚሁ ጉዳይ ልዩ ዘገባ ሲያወጣ ግን በርእሱ የተጠቀመው ተራውን የ«ማከማቸት» ቃል ነው። ዘገባው በሚገባ በተመረጠና በሚገባ በተጠበቀ ስፍራ የገባው ጋዝ በ100 ዓመት ውስጥ ከ99 በመቶ የሚበልጠው እዚያው የመቅረቱ ዕድል እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ገልጿል። ልብ ሊባል የሚገባው «በሚገባ በተመረጠና በሚገባ በተጠበቀ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው። አደራ ጠባቂው ከስሙ ቢወጣም ከቅድመ ሁኔታው አልወጣም ማለት ነው።

ሦስተኛው ስም የመጣው ከባሕር ሕግ ነው። የ1996ቱ የለንደን ፕሮቶኮል ቆሻሻ ወደ ባሕር እንዳይጣል የሚከለክል ስምምነት ሲሆን፣ ሊጣሉ የሚፈቀዱትን ነገሮች ብቻ በዝርዝር ያስቀምጣል። በ2006 በተደረገው ማሻሻያ ከባሕር ወለል በታች እንዲገባ የተዘጋጀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገባ። በሌላ አነጋገር በአየር ንብረት ስብሰባዎች «ማከማቸት» የተባለው ሥራ፣ በባሕር ሕግ መጽሐፍ ውስጥ የተፈቀደ «መጣል» ሆኖ ተመዘገበ። በ2009 ደግሞ ጋዙ ለዚሁ ዓላማ ከአገር ወደ አገር እንዲላክ የሚፈቅድ ሌላ ማሻሻያ ተጨመረ።

አደራ፣ ክምችት፣ ጥራጊ፤ ጋዙ ያው ነው፣ ጉድጓዱም ያው ነው። የተለያየው የተናጋሪው ሐሳብ ነው። አማርኛ ከእነዚህ የትኛውን ይከተል?

በብዛት የሚታየው «ማከማቸት» ነው። ይህ ቃል ግን በአማርኛ ተመልሶ የሚወጣ ነገርን ያመለክታል። ገበሬ እህሉን በጎተራ ያከማቻል፤ በሐረርጌም ማሽላ በጉድጓድ ይከማቻል፤ ሁሉም የሚከማቸው ክፉ ቀን ሲመጣ ወጥቶ እንዲበላ ነው። ነጋዴ የሚያከማቸውም ዋጋ ሲወደድ ሊሸጠው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንዲወጣ ተብሎ አይገባም፤ ከወጣ ሥራው ከሽፏል። በአንጻሩ «መቅበር» መውጣትን አያስብም፤ ነገር ግን የቀበረ ሰው አፈሩን መልሶ ይሄዳል እንጂ ሲጠብቅ አይኖርም። የዚህ ጋዝ ባለቤት ግን እንዲሁ ሊሄድ አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ያወጣው መመሪያ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት የሚተላለፈው ቢያንስ 20 ዓመት ሲያልፍ መሆኑን ደንግጓል፤ ከዚያ አስቀድሞ የሚተላለፈው ጋዙ ለዘለቄታው እዚያው እንደሚቀር ባለሥልጣኑ ሲያምን ብቻ ነው።

ስለዚህ «ማኖር» የሚለው ቃል ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። «አደራ አኖረ» የሚለው አነጋገር የታወቀ ነው። ማኖር ነገሩን በስፍራው ማስቀመጥንና ስለ እርሱ መጠየቅን አንድ ላይ ይይዛል። ከዚህም በላይ የድሮውን የላቲን ሐሳብ ሳንበደር በራሳችን ቃል እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ ስለ ሰዋስውም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። «መያዝና ማኖር» ከተባለ ሁለቱ ሥራዎች በ«ና» ስለ ተያያዙ አንዱ ያለ ሌላው ሊሆን ይችላል። «ይዞ ማኖር» ከተባለ ግን ቦዝ አንቀጹ ሁለቱን ሥራዎች በቅደም ተከተል ያስራቸዋል፤ እንደ ተለመደውም የሁለቱን ባለቤት አንድ ያደርጋል። ይህ ለጌጥ የተባለ አይደለም። እስካሁን ከተያዘው ጋዝ አብዛኛው የዋለው በአሮጌ ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ዘይት ገፍቶ ለማውጣት ነው። በካናዳ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር በ2014 ሥራ የጀመረው የባውንደሪ ዳም የከሰል ኃይል ማመንጫ ከያዘው ጋዝ ብዙው የተሸጠው ለዚህ ዓላማ ነው። ጋዙ በመጨረሻ ከመሬት በታች ቢቀርም፣ የወጣው ዘይት ደግሞ ነድዶ ሌላ ካርቦን ይለቃል። በዓለም አቀፍ ሰነዶች ይህ «መጠቀም» በሚል ቃል ከመያዝና ከማኖር መካከል ገብቶ ከሁለቱ ጋር በአንድ ምሕጻረ ቃል ይጠራል። በአማርኛ ግን «ይዞ ማኖር»ን ለኖረው ብቻ፣ «ይዞ መጠቀም»ን ለተሸጠውና ለዋለው ለይተን ብንይዝ መደናገሩ ይቀራል።

5. ሾልኮ መውጣት

የኖረው ጋዝ ቢወጣ ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ዓመታት የፈጀ ነው። ሀብታም አገሮች በድሆች አገሮች በሚያሠሩት የቅነሳ ሥራ የልቀት ምስክር ወረቀት በሚያገኙበት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ውስጥ ካርቦንን ይዞ ማኖር ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር፣ በ2010 በሜክሲኮ በካንኩን በቅድመ ሁኔታ እንዲገባ ተወስኖ፣ ደንቡ በ2011 በደቡብ አፍሪካ በደርባን ጸደቀ። በሥርዓቱ ውስጥ ግን «ሊኬጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አስቀድሞ ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ነበር፤ ይኸውም በአንድ ስፍራ የተቀነሰው ልቀት ከዚያ ሥራ ወሰን ውጭ በሌላ ስፍራ መጨመሩ ነው። ስለዚህ ደንቡ ከመሬት በታች ሾልኮ ለሚወጣው ጋዝ «ሲፔጅ» የሚል የተለየ ቃል ያዘ።

ሁለቱም በአማርኛ «መፍሰስ» ወይም «ማፍሰስ» ተብለው ቢተረጎሙ ደርባን ላይ የተለየው እንደ ገና ይደባለቃል። ለመጀመሪያው «ልቀት ማሻገር»፣ ለሁለተኛው «ሾልኮ መውጣት» ቢባል ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል። አንደኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የድንጋይና የጋዝ ጉዳይ ነው።

6. «ያልተቀነሰውን መቀነስ»

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ቃል ደርሰናል። በ2021 በግላስጎው በተደረገው ጉባኤ የመጨረሻ ሰዓት የድንጋይ ከሰል ኃይል ደረጃ በደረጃ እንዲቀር የሚለው ሐረግ፣ በህንድ ሐሳብ አቅራቢነት ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ በሚል ተተካ። የጉባኤው ሊቀ መንበር አሎክ ሻርማ ስለ ሁኔታው ይቅርታ ሲጠይቁ ዕንባ ተናነቃቸው። «ማስቀረት»ና «መቀነስ» በአማርኛ በግልጽ ስለሚለያዩ እዚህ ላይ ተርጓሚው አይቸገርም። ዓለም ያን ቀን የተመለከተው ይህን ለውጥ ነው። ነገር ግን በዚያው ሐረግ ውስጥ ከከሰሉ በፊት «አንአቤትድ» የሚል ቅጽል ነበረ፤ ይህ ቅጽል ያኔ አልተለወጠም፤ በ2023 በዱባይ በወጣው ውሳኔ ውስጥም ስለ ከሰል በተነገረው ስፍራ ተደግሟል። እንዲቀነስ የተባለው ከሰል ሁሉ ሳይሆን ይህ ቅጽል የተሰጠው ከሰል ብቻ ነው። ከባዱ ሸክም ያለው በዚህ ላይ ነው።

ቃሉ በመዝገበ ቃላት ፍቹ «ያልበረደ፣ ያልተቀነሰ» ማለት ነው። ሐረጉን በዚሁ ፍች ብንተረጉመው «ያልተቀነሰ የከሰል ኃይልን ደረጃ በደረጃ መቀነስ» የሚል ይወጣል። ያልተቀነሰውን መቀነስ! ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ቢነበብለት ወይ ይስቃል፣ ወይ የተርጓሚውን ስሕተት ይፈልጋል። የችግሩ ምንጭ ሰዋስዋዊ ነው። በአማርኛ «ያልተቀነሰ» የሚለው ግሥ አጠገቡ ካለው ስም ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ያልተቀነሰው ከሰሉ ራሱ ይመስላል። በእንግሊዝኛው ግን ያልተቀነሰው የከሰሉ ልቀት ነው፤ ልቀት የሚለው ስም ግን አልተጠራም። አማርኛ ባለቤቱ እንዲጠራለት ይፈልጋል።

ባለቤቱ ሲጠራም ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ልቀቱ ምን ያህል ሲያዝ ነው ከሰሉ ከዚህ ቅጽል ነጻ የሚወጣው? የግላስጎውም የዱባይም ውሳኔ ፍች አልሰጡም። ፍቹ የሚገኘው የሳይንቲስቶቹ ጉባኤ በ2022 ባወጣው ዘገባ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው። በዚያ መሠረት ቃሉ ከምርት እስከ አጠቃቀም ልቀቱን በእጅጉ የሚቀንስ እርምጃ ያልተወሰደበትን ነዳጅ ያመለክታል፤ እንደ ምሳሌም ከኃይል ማመንጫ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ፣ ወይም ከኃይል አቅርቦት ከሚያመልጠው ሚቴን ከ50 እስከ 80 በመቶ መያዝ ተጠቅሷል። እነዚህ አኃዞች ምሳሌ እንጂ ሕግ አይደሉም። 30 በመቶ የያዘ ማመንጫ ባለቤት በግርጌ ማስታወሻው ሚዛን አያልፍም፤ በውሳኔው ቃል ግን «እኔን አይመለከተኝም» ቢል የሚረታው ፍች በውሳኔው ውስጥ የለም።

እንግዲህ ተርጓሚው ምን ያድርግ? አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ሚዛን የሚደፋ ነው። ቃሉ ድፍን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘይት ሻጩም፣ ባሕር ሊያሰጥመው የቀረበ ደሴትም በአንድ ሰነድ ላይ የተስማሙት እያንዳንዳቸው በቃሉ ውስጥ የየራሳቸውን ትርጉም ስለ ሰሙ ነው። ተርጓሚው በአማርኛ «90 በመቶ ያልተያዘለት» ብሎ ቢጽፍ አገሮች ያልተስማሙበትን ነገር እንደ ተስማሙበት አድርጎ ያወራል። ይህም ሐሰት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መልስ የሚከተለው ነው። የሰነዱን ቃል የሚተረጉም ሰው «ልቀቱ ያልተያዘለት ከሰል» ይበል፤ ባለቤቱን ይጥራ፣ መጠኑን ግን አይጨምር። ጉዳዩ ሚቴንን ወይም ከመያዝ ሌላ ያለ ዘዴን የሚመለከት ሲሆን «ልቀቱ ያልተገታለት» ይበል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ግን በዚህ አያቁም፤ የግርጌ ማስታወሻውን አኃዝና በውሳኔዎቹ ውስጥ ፍች አለመኖሩን ሁለቱንም በፍቹ ስር ያስፍር። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ክብር ነው፤ አድማጩም ወርቁ በሰሙ ውስጥ መኖሩን ዐውቆ ይፈልገዋል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ሰሙን ብቻ አቅርቦ ወርቁን መሸሸግ ነውር ነው። የዜና አንባቢውም «አገሮች የከሰል ኃይልን ለመቀነስ ተስማሙ» ብሎ ቅጽሉን ቢጥለው ለሕዝቡ የሚነግረው ከተስማሙበት የበለጠ ነው።

7. ማስቀረትና መልቀም

በዱባዩ ውሳኔ ውስጥ ሊበረታቱ ከሚገባቸው ቴክኖሎጂዎች መካከል የመቀነሻና የማስወገጃ ዘዴዎች ተብለው ሁለቱ ጎን ለጎን ተጠርተዋል፤ ካርቦንን መያዝ፣ መጠቀምና ማኖርም የሁለቱ ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። በአማርኛ «ማስወገድ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ሲውል ይታያል፤ «ልቀትን ማስወገድ» ይባላል፣ «ካርቦንን ከአየር ማስወገድ»ም ይባላል። ነገሮቹ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። ከጭስ ማውጫው ላይ የተያዘ ጋዝ ወደ አየር አልገባም፤ በአየሩ ላይ የነበረው ግን አልቀነሰም። ከአየር የሚወጣው ደግሞ አስቀድሞ የተለቀቀው ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ሁለተኛው ሥራ ይህንኑ የፈሰሰውን ለማፈስ የሚሞክር ነው፤ ስለዚህም ይከብዳል። በአየር ውስጥ ከ100,000 ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆነው 42 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው በአውድማ የተበተነን እህል አንድ በአንድ ከመልቀም ጋር ይመሳሰላል። በአይስላንድ በ2021 የተከፈተው የኦርካ ጣቢያ የተሠራው በዓመት 4,000 ቶን ለመልቀም ነው። በዚያው አገር የተለቀመው ጋዝ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ እኛ ጥቁር ድንጋይ በምንለው ባዛልት ውስጥ ይገባና ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት በሙከራው ከገባው ጋዝ አብዛኛው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ እንደ ተለወጠ አሳይቷል። ድንጋይ የሆነ ጋዝ ሾልኮ አይወጣምና «ማኖር» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ልቀትን ማስቀረት»፣ ለሁለተኛው «ከአየር መልቀም» እንዲባል ቀርቧል። ዛፍ በመትከል የሚደረገው እንደ ሌላ መንገድ ስለሚታይ «መልቀም»ን ለመሣሪያ ሥራ ብቻ መያዝ ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት፣ የከሰል ማመንጫ ያለው ሰው አየሩን የሚያጸዳ አስመስሎ ያሳየዋል።

8. የሚያስፈራውም ቃል ይመርመር

እስካሁን የተተቹት የሚያባብሉ ቃላት ናቸው። ፍትሕ እንዲሆን ግን የሚያስፈሩትም መመርመር አለባቸው። በኔዘርላንድ በሮተርዳም አቅራቢያ ባለችው በባረንድረክት ከተማ፣ ጋዛቸው ባለቀ የጋዝ ጉድጓዶች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማኖር የወጣው ዕቅድ ነዋሪው አጥብቆ ስለ ተቃወመው በ2010 በመንግሥት ተሰርዟል። በእንዲህ ያለው ክርክር ውስጥ በካሜሩን በኒዮስ ሐይቅ በ1986 የደረሰው አደጋ ደጋግሞ ይነሣል። ያን ጊዜ ከሐይቁ በድንገት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በሸለቆው ተኝቶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ነገር ግን ያ ጋዝ ከእሳተ ገሞራ መጥቶ በሐይቅ ውሃ ውስጥ የተጠራቀመ ነበር እንጂ በጥልቅ አለት ውስጥ በክዳን ድንጋይ ሥር የኖረ አልነበረም። ንጽጽሩ የጋዙን ጠባይ ያሳያል፤ የጉድጓዱን ጠባይ ግን አያሳይም።

ለክርክሩ ይበልጥ የሚቀርበው በ2020 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት በሳታርሺያ መንደር አጠገብ የደረሰው ነው። ከዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ የጋዙ ማጓጓዣ ቧንቧ ፈነዳ፤ 200 ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፤ 45 ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። አደጋው የደረሰው በመያዝ ወይም በማኖር ላይ ሳይሆን በማጓጓዝ ላይ ነው። በስብሰባ ቃላት ውስጥ ግን ማጓጓዝ የሚባል ስም የለም፤ ከመያዝ በቀጥታ ወደ ማኖር ይታለፋል። ቧንቧው በእርሻው የሚያልፍበት ገበሬ የሚጠይቀው ስለዚህ ስለ ተዘለለው ቃል ነው።

ሌላም የሚያሳስት ቃል በእኛ ዘንድ አለ፤ እርሱም «ጭስ» ነው። ልቀትን «ጭስ» ብለን ስንተረጉም አድማጩ የሚታይና የሚሸት ነገር ያስባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ አደጋውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «ጭስ»ን ለጭስ ማውጫው ብቻ ትቶ ለጋዙ «ልቀት» ማለት ያስፈልጋል።

9. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተሉት አቻዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ለይቶ መያዝ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከጋዝ ድብልቅ ለይቶ እንዳይለቀቅ ማድረግ። ሲነገር የተያዘው እጅ በመቶኛ ቢገለጽ ይመረጣል።

ይዞ ማኖር፦ የተያዘውን ጋዝ እንዳይወጣ በከርሠ ምድር ማስቀመጥና መጠበቅ። ለተሸጠው ወይም ነዳጅ ዘይት ለማውጣት ለዋለው አያገለግልም፤ ለእርሱ «ይዞ መጠቀም» ይባላል።

ሾልኮ መውጣት፦ የኖረው ጋዝ ከከርሠ ምድር ወደ አየር ወይም ወደ ባሕር ማምለጡ።

ልቀት ማሻገር፦ በአንድ ሥራ ወሰን ውስጥ የቀነሰው ልቀት ከወሰኑ ውጭ መጨመሩ።

ልቀቱ ያልተያዘለት ወይም ያልተገታለት፦ ልቀቱን በእጅጉ የሚቀንስ እርምጃ ያልተወሰደበት ነዳጅ። መጠኑ በውሳኔዎቹ አልተወሰነም።

ልቀትን ማስቀረት፦ ወደ አየር ሊገባ የነበረውን እንዳይገባ ማድረግ።

ከአየር መልቀም፦ ወደ አየር የገባውን በመሣሪያ መልሶ ማውጣት።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአንድ ቃል በላይ ስለሆኑ ለርእስ ያስቸግሩ ይሆናል። ነገር ግን ነገሩን አሳጥሮ ከሚያሳስት ስም ይልቅ ትንሽ ረዝሞ የሚያስረዳው ይሻላል። ኖርዌይ ከብሬቪክ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተያዘውን ጋዝ በመርከብ አጓጉዛ ከባሕሩ ወለል በታች 2,600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ማኖር የጀመረችው በ2025 ነው። ሲሚንቶ እንደሚያስፈልገን ሁሉ ይህም ሥራ አንድ ቀን ለእኛ የሚያስፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሌሎች ከሰላቸውን ማንደድ እንዳያቆሙ የሚያቀርቡት ምክንያት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የትኛው እንደሆነ መፍረድ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ አይደለም። ፈራጁ ሕዝብ ግን የሚፈርደው በሰማው ቃል ነው። ስለዚህ በ2027 ጉባኤው በአዲስ አበባ ከመከፈቱ በፊት፣ ቃላቱ በኬሚስቶች፣ በከርሠ ምድር ባለሙያዎች፣ በሕግ ዐዋቂዎችና በቋንቋ ሊቃውንት ፊት ቀርበው ሊመከርባቸው ይገባል። ከዚህ የተሻለ ያገኘ አንባቢ ቢያርመን ደስታችን ነው።